«ምች ነው» እስከ መቼ?

አንድ ወጣት ጠዋት ዳቦ በሻይ በላ እንበል። ከዚያ ከጊንጪ ወይም ከጉደር ወጣ ብሎ መሮጥ ጀመረ። ብዙም ሳይርቅ መዳፉን ያሳክከዋል፣ ገላው በሽፍታ ይወረራል፣ ከንፈሩ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ተዝለፍልፎ ይወድቃል። ሰፈሩ ፍርድ ለመስጠት አይዘገይም፦ «ምች መታው!» ዳማከሴ ይታሻል። ክሊኒክ ቢደርስም የታይፎይድና የታይፈስ ምርመራ ታዞለት፣ የጨጓራ መድኃኒት ይዞ ቢመለስ አይገርምም።

ይህ ስም ያለው አለርጂ ነው። ስንዴው ብቻውን አይጥለውም፣ ሩጫውም ብቻውን አይጥለውም፤ አደጋው ሁለቱ በሰዓታት ውስጥ ሲገናኙ ነው። ሐኪሞች ምግብና ሩጫ ተባብረው ሰው እንደሚጥሉ በፈረንጆቹ 1979 ጽፈዋል። በስንዴ በኩል ዋናው ጠንቅ ኦሜጋ 5 ግሊያዲን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና አልኮል ያባብሱታል። «ትናንትም ዳቦ በልቻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም» የሚለው በሽተኛ እውነቱን ነው።

ምዕራብ ሸዋ የስንዴ አገር ነው፤ የሯጭም አገር ነው፤ በ2016ቱ የሪዮ ኦሊምፒክ በማራቶን ብር ያመጣው ፈይሳ ሌሊሳ የጀልዱ ልጅ ነው። አምቦ ላይ የስንዴ ዋግ የሚያጠና የምርምር ማዕከል አለ። ለስንዴው በሽታ ላቦራቶሪ ከተገኘ፣ ስንዴ ለሚጥለው ሰው ጠያቂ እንዴት ይጠፋል?

«መሣሪያ የለም» የሚለው ሰበብ ግማሽ እውነት ነው። የዚህ ምርመራ ግንዱ ጥያቄ ነው፦ ምን በላህ? በስንት ሰዓት? ከበላህ ስንት ቆይተህ ሮጥክ? ኪኒን ውጠህ ነበር? ከዚህ በፊትስ ደርሶብህ ያውቃል? ለዚህ እስክሪብቶና አሥር ደቂቃ ይበቃል። ያለዚህ ታሪክ የላቦራቶሪ ወረቀት ያሳስታል። የአንጀት ትል ያለበት ሰው ደሙ ውስጥ ጠቅላላው አይጂኢ ከፍ ይላል፤ ያ የምግብ አለርጂ ማለት አይደለም። የቆዳ ምርመራ «ፖዘቲቭ» መሆኑም ብቻውን ምግቡ ያሳምማል አያሰኝም። እንዲህ ባለ ወረቀት እናትን «ለልጅሽ ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ አትስጪ» ማለት ልጅን ማስራብ ነው። አብልቶ አስሩጦ መሞከርም ሆስፒታል ውስጥ፣ አድሬናሊን ተዘጋጅቶ እንጂ ቤት ውስጥ «እስቲ ልየው» ተብሎ አይደረግም።

የሚያሳፍረው ደግሞ አድሬናሊን ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ ተራ አምፑል ነው፤ ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም ጭኑ ጡንቻ ላይ፣ ከሁሉም በፊት። ሃይድሮኮርቲዞን አስቀድሞ አድሬናሊንን ማቆየት ሰው ይገድላል። አዲስ አበባ ከአምቦ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የሚዘጋ ጉሮሮ ሪፈር አይጠብቅም። ስለዚህ አምፑሉ በየጤና ጣቢያው ካልተቀመጠ የቀረው ሁሉ ወሬ ነው።

ወጣቱም ሐኪም እስኪያየው ድረስ ስንዴ በልቶ ቢያንስ አራት ሰዓት ሳይሞላው አይሩጥ፣ ብቻውንም አይውጣ። መዳፉን ማሳከክ ሲጀምረው ይቁም፤ አሠልጣኙም «በርታ፣ ትንሽ ቀረህ» አይበለው።