ከእጅ የሚሻል ዶማ

«ከእጅ አይሻል ዶማ» የሚለው ብሂል በእኛ በተርጓሚዎችና በአራሚዎች ዘንድ የክብር መፈክር ሆኗል። ባለ 300 ገጽ ጽሑፍ ተቀብሎ፣ በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ተደራርቦ የተጻፈውን ሁለት ነጥብ አንድ በአንድ ወደ አራት ነጥብ ሲለውጥ የሚያመሽ ሰው ትጉህ ይባላል። ያንኑ በማክሮ የሚፈጽም ግን ለቋንቋው ግድ የሌለው ሰነፍ ተደርጎ ይታያል። ይህ የተገለበጠ ፍርድ ነው።

ማክሮ ማለት ቁልፎችን የነካንበትን ቅደም ተከተል መዝግቦ በአንድ ትእዛዝ የሚደግም ዘዴ ነው። እንግዳ ነገርም አይደለም፤ ኢማክስ የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1976 ሲወለድ የማክሮዎች ስብስብ ነበር፤ ስሙም የመጣው ከዚያው ነው።

የነጥቡ ጉዳይ ተራ እንዳይመስለን። «፡፡» እና «።» ለዓይን አንድ ቢመስሉም፣ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በገባበት በዩኒኮድ ሥርዓት የመጀመሪያው ሁለት ምልክት፣ ሁለተኛው አንድ ምልክት ነው። ስለዚህ አንዱን ስንፈልግ ኮምፒውተሩ ሌላውን አያሳየንም። አንድ ሺህ ጊዜ የሚደግም እጅ ደግሞ መሳቱ አይቀርም፤ የት እንደ ሳተም አይታወቅም። ማክሮ ሲስት ግን በየቦታው በአንድ ዓይነት ይስታል፤ ስሕተቱ በቶሎ ይታያል፤ ዋናው ቅጂ ከተጠበቀም ሥራው ከመነሻው ይደገማል።

«ማክሮ ቋንቋ ያበላሻል» ለሚሉኝ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። አንድ ጊዜ ፊደላቱን ወጥ አደርጋለሁ ብዬ «ሠ»ን ሁሉ በ«ሰ» የሚተካ ማክሮ አዘዝሁ። ጽሑፉ የግእዝ ጥቅሶች ነበሩበት። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» ግን ያው የምናውቀው ሌብነት ነው። የወጣችው ፀሐይ በአንድ ቁልፍ ሌባ ሆነች። በተቃራኒው ማክሮ ልመልሳት አልቻልሁም፤ ቀድሞ የነበረው «ሰ» ከአዲሱ ጋር ተቀላቅሏልና። ያዳነኝ ያስቀመጥሁት ዋናው ቅጂ ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ማክሮው ያዘዝሁትን ፈጸመ፤ እኔ ግን ማስተዋል የሚጠይቀውን ነገር በደንብ የሚሠራ አስመስዬ አዘዝሁ። ነጥቡ ደንብ አለው፤ «ሠረቀ» ግን ትርጉሙን የሚያውቅ አንባቢ ይሻል። ደንብ ያለው ለማክሮ፣ ፍርድ የሚሻው ለሰው ይሁን።

የእጅ ሥራ አምላኪዎችን የምከስሳቸውም በዚሁ ነው። ሌሊቱን ነጥብ ሲለቅም ያደረ አራሚ «ሠረቀ» ላይ ሲደርስ ዓይኑ ፈዝዟል፤ ሌባዋን ፀሐይ ሳያያት ያልፋል። ጉልበቱን በማይገባው ቦታ አፍስሶ፣ በሚገባው ቦታ ያጣዋል። ይህን ትጋት ብለን ማሞገሳችንን እንተው። ከእጅ የሚሻል ዶማ ተገኝቷል፤ የት እንደሚቆፈር መለየት ግን ዛሬም የባለቤቱ ድርሻ ነው።