መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነዋ

“ምንም አይፈጠርበትም።” የበረሃ ፊልም ያየ ሰው እንዴት ነበር ብላችሁ ስትጠይቁ ቀድሞ የምትሰሙት ይህን ነው። አሸዋ፣ ሰማይ፣ አንድ ሁለት ሰው፣ ግመል። ቀጥሎ “ልጁ ግን ሞኝ ነው፣ ምን አስከተለው?” ይመጣል። ሦስተኛው የቤቱ ሁሉ ጥያቄ ነው፦ “እሺ፣ አሁን ውሃ ከየት ሊያገኝ ነው?” ይህን ሦስተኛውን የጠየቀ ሰው ደግሞ፣ አፉ ምንም ቢል፣ ፊልሙ ይዞታል ማለት ነው።

በዚህ ወር ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ “ዚብ” ነው። ዮርዳኖሳዊው ናጂ አቡ ኑዋር ያዘጋጀው ይህ ፊልም ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ዚብ በአረብኛ ተኩላ ማለት ሲሆን የዋናው ገጸ ባሕርይ ስምም ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1916፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት፤ ቦታው ያኔ በቱርኮች ሥር የነበረው የአረብ በረሃ። ዚብ አባቱ የሞተበት ትንሽ የቤዱዊን ልጅ ነው፤ ታላቅ ወንድሙ ሁሴን እንደ አባትም እንደ አስተማሪም ሆኖ ያሳድገዋል። አንድ ምሽት እንግሊዛዊ መኮንን ከመሪው ጋር መጥቶ ከድንኳናቸው ያርፋል። በሐጅ ተጓዦች መንገድ ላይ ወዳለ የውሃ ጉድጓድ የሚያደርሰን ሰው ስጡን ይላሉ። እንግዳን እምቢ ማለት ነውር ነውና ሁሴን ይነሳል። ትንሹም አህያውን ይዞ በስውር ይከተላቸዋል። ጉድጓዱ ዘንድ ሲደርሱ ሽፍቶች ይጠብቋቸዋል። ዚብ ወንድሙን ያጣል፣ ራሱም ከጉድጓድ ይወድቃል፣ ገመዱንም ይቆርጡበታል። ወጥቶ ብቻውን ሲቀር አንድ የቆሰለ ሰው ግመል ላይ ተደፍቶ ይመጣል፤ ሰውየው ከነዚያው ሽፍቶች አንዱ ነው። መጨረሻውን አልነግራችሁም።

ፊልሙ የተሠራው ዮርዳኖስ ውስጥ፣ ዋዲ ረም በተባለው በረሃና በአካባቢው ነው። መኮንኑን ከሚጫወተው እንግሊዛዊ በቀር ተዋንያኑ በሙያው ያልነበሩ የአካባቢው ቤዱዊኖች ናቸው። ከቀረጻው በፊት ለወራት ትወና ተለማምደዋል። ውድ ጌጥ የለም፣ በኮምፒውተር የተፈበረከ ፍንዳታ የለም። እንዲህ ሆኖ አቡ ኑዋር በቬኒስ ፌስቲቫል በኦሪዞንቲ ዘርፍ የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት ወሰደ፤ ፊልሙም ባፍታን አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2016 በኦስካር ለውጭ ቋንቋ ፊልም ከታጩት አምስቱ አንዱ ሆነ። ለዮርዳኖስ የመጀመሪያው ነበር። በረሃ ለድሃ ፊልም ሠሪ ደግ ነው፤ መብራቱን ፀሐይ፣ ጌጡን ድንጋይ ይችልለታል። ክፋቱ ግን ምንም መደበቂያ አለመኖሩ ነው። ተዋናዩ ከዋሸ ወዲያው ይታያል።

እኔ ያየሁት ስለ ውሃ ጥም ማሰብ በሚከብድበት ቦታ ነው። መቱ፣ እህቴ ቤት፣ ነሐሴ ላይ። ኢሉባቦርን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከመቱ እስከ ጎሬ፣ ከበደሌ እስከ ያዮ ጫካ፣ ሰማዩ ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስ ይከርማል። ከከተማው ወጣ ስትሉ የሶር ፏፏቴ ይጮኻል። ልብስ በሦስት ቀንም አይደርቅም፤ እህቴ ካልሲ የምታደርቀው ምድጃ ዳር ነው። እንግዲህ በዚያ ቤት፣ ቆርቆሮው እየተደበደበ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍተን፣ ቡና እየተቆላ ነው በረሃ ያየነው። ፊልሙ በአረብኛ ነው፤ የግርጌ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ የእህቴ ባል ጮክ ብሎ ሲተረጉምልን አመሸ። አንዳንዱን ከራሱ እንደጨመረ እጠረጥራለሁ።

አስተያየት እንደ ጉድ ነበር። የእህቴ አማት፣ ማዘር የምንላቸው፣ ፊልሙን ገና ከጅምሩ ወደዱት። “ይሄ የኛው አገር ነገር ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ቡናው፣ አቀባበሉ” አሉ። ሁሴን ሲሞት ግን ተቆጡ። “ለማያውቀው ሰው ብሎ!” የእህቴ ባል በበኩሉ ለእንግዳ መንገድ ማሳየት ግዴታ ነው፣ ጥፋቱ ዓላማውን የደበቀው የእንግሊዙ ነው ብሎ ተከራከረ። የአሥራ አምስት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ከሁሉ የከፋው ተመልካች ሆነ። ስልኩን እየነካካ “ቀርፋፋ ነው” ይላል። ልጁ ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ ቤቱ በአንድ ድምፅ “ውይ!” አለ።

ከጎረቤት መጥቶ በር አጠገብ የተቀመጠ አንድ ወጣት ብቻ ዝም አለ። በእግሩ እስከ ጅቡቲ ሄዶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ከሳዑዲ ተይዞ የተመለሰ ልጅ ነው። “ምን ውይ ያስብላል?” አለ። “ውሃ ውስጥ እኮ ነው የወደቀው።”

ክርክሩ የጋለው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ዚብ ከዚያ ከቆሰለው ሽፍታ ጋር ይጣበቃል። ይጠላዋል፣ ይፈራዋል፣ ግን አብሮት ይሄዳል። ሁላችንም አልተዋጠልንም። የወንድሙ ደም እኮ ነው! ዳይሬክተሩ አበላሸው አለ የእህቴ ባል። ያ ወጣት ሲኒውን አስቀምጦ “መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነዋ” አለ። ሌላ አልጨመረም። የእህቴ ልጅ ስልኩን አስቀምጦ ዞር ብሎ አየው።

ይህቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር ስለ ፊልሙ ካነበብኩት ሁሉ በለጠችብኝ። የፊልሙ ሰውዬም ቢሆን ሽፍታ ሆኖ አልተወለደም፤ ሐጃጆችን በግመል እየመራ ይኖር የነበረ ነው። ባቡር መጣና እንጀራውን ወሰደበት። የቀረው የመንገድ ዕውቀቱ ነው፣ ያንን ዕውቀት ነው ወደ ዝርፊያ ያዞረው። መንገድ የሚያውቅ ሰው በረሃ ላይ ንጉሥ ነው። ደላላ የሚባለው ሰው ሥልጣኑ ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ አይመስላችሁም? ቢደበድብህም፣ ገንዘብህን ቢቀማህም፣ ጓደኛህን ጥሎ ቢሄድም ትከተለዋለህ። ሌላ አቅጣጫ የለህማ።

የእኛ አገር ልጆች መንገድ የታወቀ ነው። በአፋር አድርገው ጅቡቲ ይገባሉ፣ በአሳል ሐይቅ ዳርቻ ያለውን ጥቁር ድንጋይ በእግራቸው ያቋርጣሉ፣ ኦቦክ ከሚባለው የባሕር ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ፤ ከዚያ ደግሞ የሳዑዲ ድንበር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ የተመለሱት ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ነበሩ።

“ሞኝ ነው” ለሚለው አስተያየት ደግሞ ሰውነታችን መልስ አለው። ሰው ከክብደቱ 2 በመቶ ያህል ውሃ ሲያጣ ትኩረቱና ማመዛዘኑ መዳከም ይጀምራል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 1.2 ሊትር ነው፤ በኃይለኛ ሙቀት የሚጓዝ ሰው በላብ ብቻ በአንድ ሰዓት ገደማ ሊያጣው ይችላል። ከዚያ በላይ ሲሆን ራስ ምታቱ፣ ማዞሩ፣ መቀባዠሩ ይከተላል። እኛ ሶፋ ላይ ሆነን “እዚያ ጥላ ሥር አትቀመጥም ወይ!” የምንለው ሰው የሚያስበው በእኛ ጭንቅላት አይደለም። የበረሃ ሰዎች የቀኑን ሙቀት በጥላ አሳልፈው በሌሊትና በማለዳ የሚጓዙት፣ ሰውነታቸውንም በሰፊ ልብስ የሚሸፍኑት ለዚህ ነው። ፊልሙ ላይ ሁሴን ለታናሹ የሚያስተምረውን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ቀርፋፋ የተባለው የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በትምህርት የተሞላ ነው።

የራሳችን በረሃስ? ዳሎልን ያህል ቦታ ይዘን ፊልሞቻችን ከሳሎንና ከካፌ አለመውጣታቸው ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. በ2015 ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ “ክረምብስ”ን ከፊል እዚያ ቀርጿል፤ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ይተውኑበታል፣ ቋንቋው አማርኛ ነው፣ ርዝመቱ 68 ደቂቃ። የዓለም ፍጻሜ ካለፈ በኋላ ስለሚኖሩ ሰዎች የሚተርክ በትንሽ ገንዘብ የተሠራ ፊልም ነው። ሰላምን ብለው የፍቅር ኮሜዲ ጠብቀው የከፈቱት ግራ ተጋብተው ቢዘጉት አልፈርድባቸውም፤ እኔም አንዳንዱ ቦታ አልገባኝም። ግን ያ ቢጫና አረንጓዴ ጨው ምድር በስክሪን ላይ ምን እንደሚመስል አንዴ ካያችሁት አይረሳችሁም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተመዘገበው መሠረት የዳሎል የዓመት አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነው፤ ሌሊቱና ክረምቱ ሁሉ ተደምሮ ማለት ነው። ዳሎል ላይ “ዚብ”ን የመሰለ፣ የአፋር ልጆች ራሳቸው የሚተውኑበት ፊልም ማን ይሥራልን?

“ዚብ”ን ከልጆች ጋር ለማየት ላሰባችሁ፦ ተኩስና ሞት አለበት፣ ለትንንሾቹ አይሆንም፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ለሆኑት ግን ችግር አይታየኝም። ከወላጅ አንዱ አጠገባቸው ይሁን። 100 ደቂቃ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ታገሡ። ሽፍታው ሲመጣ ፊልሙን አቁማችሁ “አንተ ብትሆን አብረኸው ትሄድ ነበር?” ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ዝም በሉ። “እንዳትሄድ፣ ታልቃለህ” የሚል ምክር ልጆቻችን ጠግበውታል፤ ያንን ጥያቄ ግን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። የእህቴ ልጅ እንኳ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ከዚያ ወጣት ጋር ደጅ በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ሲያወራው ነበር። ምን እንደተባባሉ እህቴም አልጠየቀችው፣ እኔም አልጠየቅሁትም።