ለሞተሩ ስናጨበጭብ አክስሉን ማን ያየዋል?

«ወጣቱ በራሱ እጅ መኪና ሠራ» የሚል ዜና አዘጋገቡ ሁሌም አንድ ነው። ልጁ መሪ ይዞ ፎቶ ይነሳል፣ በሰዓት ስንት ትሄዳለች ይባላል፣ አንድ ኃላፊ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ከዚያ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ዝገት ይበላታል። ለምን እንደቆመች የሚጠይቅ የለም።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ ወሬው ሁሉ ሞተርና ባትሪ ሆኗል። ሞተሩም ባትሪውም ከውጭ ተገዝቶ ይመጣል። እዚሁ ተሠርቶ እዚሁ የሚሰበረው የኋላ አክስሉ ነው።

የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ጋሪ ሠሪዎች አክስል ያውቃሉ። ግን የጋሪ አክስል አይዞርም። ብረቱ ከአካሉ ጋር ታስሮ ይቀመጣል፣ የሚዞሩት ጎማዎቹ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ኩሽኔታ። የሚጎትተው ፈረስ ከፊት ነዋ! ሞተር ከኋላ ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል፤ አክስሉ ራሱ መዞር አለበት። ኩሽኔታው ከጎማው ወጥቶ ሻንሲው ላይ ይታሰራል፣ ጎማዎቹና ካቴናው የሚይዘው ጥርስ ከአክስሉ ጋር አብረው ይዞራሉ። ጥርሱን በብየዳ ማጣበቅ ቀላል ይመስላል። ሙቀቱ ግን አክስሉን ያጎብጠዋል፤ ብረቱ ጠንካራ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል። ትክክለኛው ሥራ አክስሉን ቶርኖ ላይ ማስተካከል፣ በማሽን ቦይ ማውጣትና የብረት ሽብልቅ ማስገባት ነው። ይህ በመዶሻና በብየዳ ማሽን ብቻ አይሠራም።

ኩርባ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። የውጭው ጎማ ረጅም፣ የውስጡ አጭር መንገድ ይሄዳል፤ አንድ ብረት ሲያስራቸው ግን እኩል ይዞራሉ፣ ስለዚህ አንዱ ይንሸራተታል። ጠጠር ላይ ብዙም አይጎዳም። አስፋልት ላይ ጎማ ይበላል፣ መሪ ያከብዳል። ጎ-ካርት የሚባሉት ትንንሽ የውድድር መኪኖች ሻንሲያቸው ስለሚተጣጠፍ ኩርባ ላይ የውስጡን የኋላ ጎማ ከመሬት ያነሱታል፤ ሁለት ጆንያ በርበሬ የጫነች መኪና ግን ይህን አታደርግም። ለእኛ የሚቀርበው መልስ ደጃችን ላይ ቆሟል፦ ባጃጅ። ባጃጅ ከኋላ ዲፈረንሻል አለው። ሞተሩ ስለሞተ የኋላ ክፍሉ አብሮ አልሞተም።

ሒሳቡንም እንየው። በደቂቃ 3,000 ጊዜ የሚዞር የ1,000 ዋት ሞተር እንውሰድ። ሞተሩ ላይ 10፣ አክስሉ ላይ 60 ጥርስ ቢሆን አክስሉ በደቂቃ 500 ጊዜ ይዞራል። ዙሪያው 80 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጎማ ይህ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ነው። ለዜና ያምራል። የመግፋት ጉልበቱ ግን ወደ 15 ኪሎ ብቻ ነው፤ ከነሾፌሩ 150 ኪሎ የምትመዝን መኪና 10 በመቶ ዳገት ላይ ወደ ኋላ የምትጎተተውም በዚያው በ15 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ ዳገቱ ላይ ትቆማለች፣ ልጁም ትልቅ ሞተር ይመኛል። የአክስሉን ጥርስ ቢያበዛው ወይም የሞተሩን ቢቀንሰው ፍጥነቱ ይቀንስና ዳገቱን ትወጣለች።

እኔን የሚያስፈራኝ ፍሬኑ ነው። ሞተሩ ራሱ ፍሬን ይሆናል ብሎ ሌላ ያልገጠመ ሰው፣ ካቴናው በተበጠሰ ቅጽበት ፍሬን የለውም። ፍሬኑ አክስሉ ላይ ቢታሰርም የያዘው ብየዳ ከለቀቀ ያው ነው። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ያለው አስፋልት ደግሞ ከባድ መኪና የሚመላለስበት ነው፤ ከልጁ ኋላ ታናናሾቹ ተጭነው ይሆናል።

ስለዚህ የምስክር ወረቀት የሚሰጡት ኃላፊዎች ለልጆቹ ቶርኖ ይስጧቸው። በየከተማው ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ወርክሾፓቸውን ለእነዚህ ልጆች ይክፈቱ፤ አንድ አሠልጣኝ፣ አንድ የባጃጅ መካኒክና አንድ ጋሪ ሠሪ አብረው ይቁሙ። መኪናዋ አስፋልት ከመውጣቷ በፊትም እዚያው ግቢ ውስጥ ካቴናዋ ወልቆ፣ ጭነት ይዛ፣ ቁልቁለት ላይ ትቁም እንደሆነ ይሞክሯት።