ዝምታውን ጉድለት ያሉት ጸሐፊ

«ዘ አንሆሊ ስሪ» የተባለውን፣ ቶድ ብራውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1925 ያዘጋጀውን ድምፅ አልባ ፊልም በሕትመት ያጣጣሉት ጸሐፊ ችኩል ፈርደዋል። የ1930ውን ባለድምፅ ቅጂ አስበልጠዋል። መከራከሪያቸው ላይ ላዩን ያሳምናል፦ ዋናው ሌባ ኤኮ ከንፈሩን ሳያነቃንቅ በአሻንጉሊት አፍ የሚናገር ትርኢተኛ ነው፤ ድምፁ ካልተሰማ ምኑ ታየ?

ብዙ ነገር ታየ። ኤኮን ሆኖ የሚተውነው፣ በአሮጊት ልብስ በቀቀን የሚሸጠው ሎን ቼኒ ወፎቹን ሲያናግር ቃላቸው በስክሪኑ ላይ ተጽፎ ይወጣል። የተሰረቀው ጌጥ የተደበቀበትን የዝሆን አሻንጉሊት መርማሪው አንስቶ ሲያገላብጠውስ የትኛው ንግግር ያን ጭንቀት ያጎላዋል?

ወሳኙ ግን ችሎቱ ነው። በ1930ው ኤኮ የሚጋለጠው የአሮጊቷን ድምፅ መያዝ ስላቃተው ነው፤ ጉሮሮው ከዳው፣ በቃ። በ1925ቱ ግን ያፈቀራት ሮዚ የምትወደው ንጹሕ ሰው እንዳይፈረድበት ብሎ፣ ከራሱ ጋር ሲታገል ቆይቶ፣ ወዶ ይናዘዛል። ትግሉ ፊቱ ላይ ነው። ጸሐፊው «እድገት» ያሉት፣ ውሳኔን በአጋጣሚ የተካውን ነው።

መቀለድ ካማራቸው በፊልሙ ግዙፍ ተደርጎ በቀረበው ቺምፓንዚ ይቀልዱ፤ እሱን እኔም አልከላከልለትም።