ለአፈራችንና ለውሃችን ልኬት ይመስክር

የማይታይና የማይሸት ነገር በአሉባልታ ሲነገር ያስፈራል፤ ዝም ሲባልም ያዘናጋል። ከሁለቱም የሚያድነው ልኬት ነው። በአፈርና በውሃ ውስጥ ያለው ጨረራ ከዚህ ዓይነቱ ጉዳይ አንዱ በመሆኑ፣ የቀበሌ ማኅበራት አባላትና ሠራተኞች በሚገባ ሊያውቁት ይገባል እንላለን።

በመጀመሪያ ደረጃ ጨረራ ሁሉ የቦምብ ውጤት አይደለም። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ የሚታረሰው ቀይ አፈር፣ እንደማንኛውም አፈር፣ ምድር ከተፈጠረች ጀምሮ የኖሩ ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም-40 በውስጡ አሉ። በዓለም አፈር ፖታሲየም-40 በአማካይ በኪሎ 400 ቤክሬል ገደማ ነው፤ አንድ ቤክሬል ማለትም በሰከንድ የአንድ አቶም መፈራረስ ነው።

ሰው ሠራሹ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ኃያላን መንግሥታት በአየር ላይ ካፈነዷቸው የኑክሊየር ቦምቦች፣ ፈረንሳይ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በአልጄሪያ በረሃ ካፈነዳቻቸው ጭምር፣ ሲዚየም-137 በነፋስና በዝናብ በዓለም ዙሪያ ተበተነ። በቦምቡ ሥራ እጁ የሌለበት ገበሬም ከመዘዙ አላመለጠም። ሲዚየም በየ30 ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ የዚያ ዘመን ቅሪት ዛሬ ሩብ ያህል ነው።

ይህ ሁሉ የሚታወቀው በግምት አይደለም። ናሙናው ደርቆና ተነፍቶ፣ በታሸገ ዕቃ 4 ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ በጀርማኒየም መመርመሪያ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በጨረራው ጉልበት ተለይቶ ይቆጠራል። ለመጠጥ ውሃም የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር 0.5 ቤክሬል አልፋና 1 ቤክሬል ቤታ መነሻ አድርጓል። ከዚያ በላይ መገኘቱ ውሃው መርዝ ነው ማለት ሳይሆን፣ ምንጩ በጥልቀት ይመርመር ማለት ነው።

ይህ ብቻም አይደለም። ሲዚየም ከሸክላማ አፈር ጋር አጥብቆ ስለሚጣበቅ፣ በተዳፋት ማሳ ላይ ከሚጠበቀው አንሶ ሲገኝ አፈሩ ታጥቦ መሄዱን ያጋልጣል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ የጎጃምን ገበሬ በየክረምቱ እንጀራውን የሚነጥቀው ይህ መታጠብ ነው። ደምበጫ አካባቢ የሚገኘው የአንጀኒ ተፋሰስ የአፈር መሸርሸር የሚጠናበት ጣቢያ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 79 የጨረራ ቁጥጥርን በሕግ ደንግጎ ነበር። ሕግ መኖሩ ግን ብቻውን አይበቃም። አዲስ ጉድጓድ ሲቆፈር የውሃ ኮሚቴው የምርመራውን ውጤት ይጠይቅ፤ ባለሙያውም ቁጥሩን በሕዝብ ቋንቋ ያስረዳ። የሚጠጣውን ውሃና የሚያርሰውን አፈር ማወቅ የሕዝብ መብት ነው፤ መጠየቅም ግዴታው ነው።