ካሜራው ምሥጢሩን አያውጣ

«የመድረክ ተውኔት ፊልም የሚሆነው ከአራቱ ግድግዳ ሲወጣ ነው» የሚለው አስተያየት በብዙ የፊልም ባለሙያዎች ዘንድ እንደ ሕግ ሥር ሰዷል። በዚህ ሕግ መሠረት በአንድ ክፍል ውስጥ የተጻፈ ኮሜዲ ጎዳናና ባቡር፣ ሠረገላና ፈረስ ከተጨመረለት ሲኒማ ሆነ ይባላል። የመድረክ ጠበቆች ነን ባዮች ደግሞ በአንጻሩ አንዲት ቃል ከምትጎድል ፊልሙ ባይሠራ ይሻላል ሲሉ ይሟገታሉ። ሁለቱም ወገኖች በቅሉ ተጣልተው ውሃውን አፍስሰውታል።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው የሀንጋሪው ጸሐፌ ተውኔት ፈረንጽ ሞልናር እ.ኤ.አ. በ1910 በቡዳፔስት ለመድረክ ያበቃው «የክብር ዘበኛው» ነው። ባልና ሚስቱ ሁለቱም ተዋንያን ናቸው። ባል የሚስቱን ታማኝነት በመጠራጠር የክብር ዘበኛ መኮንን መስሎ ፍቅሯን ይለምናል። በመጨረሻ ማንነቱ ሲገለጥ ሚስት ገና ከጅምሩ እንዳወቀችው ትናገራለች። እውነቷን ነውን? ወይስ እርሷም በተራዋ መተወኗ ነው? ደራሲው አይፈርድም። የድርሰቱ ነፍስ ይኸው ጥርጣሬ ነው።

አደጋው የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። በቴያትር ቤት ተመልካቹ ከተዋናይቱ ርቆ ስለሚቀመጥ ልቧን እንደ ባሏ ይገምታል። ካሜራ ግን ፊቷ ድረስ ተጠግቶ በአንዲት ጥቅሻ ብይን ሊሰጥ ይችላል። ተመልካቹ ሁሉን ካወቀ፣ ኮሜዲው በአንድ ሞኝ ባል ላይ መሳለቅ ሆኖ ይቀራል። ተመልካቹም እንደ ባልየው ሳያውቅ ከወጣ ግን ሳቁ ወደ ራሱ ጎጆ ይከተለዋል።

ይህን ተውኔት በ1924 በኒው ዮርክ መድረክ የተጫወቱት፣ በእውኑም ዓለም ባልና ሚስት የነበሩት አልፍሬድ ለንትና ሊን ፎንታን፣ በ1931 በሲድኒ ፍራንክሊን አዘጋጅነት በፊልም ሠርተውታል። ፊልሙ የሚከፈተው ሞልናር ባልጻፈው ትዕይንት ነው፤ ጥንዶቹ ማክስዌል አንደርሰን ስለ ንግሥት ኤልሳቤጥ የጻፈውን ተውኔት ማብቂያ ሲጫወቱ ይታያሉ። የቃል ጠበቆች ይህን ክህደት ይሉት ይሆናል። ነገር ግን እንባና ፍቅር የእነዚህ ሰዎች የዕለት እንጀራ መሆኑን አስቀድሞ ያየ ተመልካች፣ ኋላ ካሜራው የቱንም ያህል ቢቀርብ የሴቲቱን ፊት አያምንም። ጭማሪው ጥርጣሬውን አጸና፤ ስለዚህ ታማኝ ነው።

በ1941 ያው ታሪክ «የቸኮሌት ወታደር» በተባለው ፊልም ውስጥ ጥንዶቹ ዘፋኞች ሆነው ከኦስካር ስትራውስ ዜማዎች ጋር ቀረበ። ጆሮ ተደሰተ፤ ጥያቄው ግን በየዘፈኑ መካከል ዕረፍት አገኘ።

ስለዚህ ተውኔትን ወደ ፊልም የሚመልስ ባለሙያ መቀሱን ከማንሣቱ በፊት ደራሲው ሳይመልስ የተወው ጥያቄ የትኛው እንደሆነ ይመርምር። ግድግዳውን ቢያፈርስ፣ ቃሉን ቢቆርጥ፣ ትዕይንት ቢጨምር መብቱ ነው። ያንን ጥያቄ በደራሲው ፈንታ የመመለስ ሥልጣን ግን ማንም አልሰጠውም።