ዋስ ከመሆን በፊት፤ ልጅን በአሜሪካ አገር ሕግ ስለ ማስተማር

በአገራችን ሙግት ዐዋቂ ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ነው። በዛፍ ጥላ ሥር በበላ ልበልሃ ሥርዐት ተከራክሮ የረታ ሰው ስሙ በአገር ሁሉ ይነሣ ነበር። ስለዚህ በአሜሪካ የሚኖር ልጅ «ሕግ ተምሬ ጠበቃ እሆናለሁ» ብሎ በጻፈ ጊዜ አባትና እናት ደስ ቢላቸው የሚነቀፉ አይደሉም። ነገር ግን ደስታው ሒሳቡን እንዳያስረሳቸው በማሰብ ጥቂት ቃል ልንጽፍላቸው ወደድን። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በዚያ አገር ተማሪው አስቀድሞ የ4 ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ይፈጽማል፤ የሕጉ ትምህርት ከዚያ በኋላ 3 ዓመት ነው። ለመግባትም የኮሌጅ ውጤቱና ከ1948 ጀምሮ የሚሰጠው ኤልሳት የሚባለው ፈተና ይመረመራል፤ የዚህ ፈተና ነጥብ ከ120 እስከ 180 ነው። የአሜሪካ የጠበቆች ማኅበር ያጸደቃቸው ትምህርት ቤቶች ወደ 200 ይጠጋሉ፤ በራቸው ግን እኩል አይደለም። አንዳንዱ ከ170 በታች ያገኘውን እምብዛም አይቀበልም፤ አንዳንዱ ደግሞ 150 ያልሞላለትንም ያስገባል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው፤ በሩን የከፈተ ሁሉ ቸር ይመስለዋል። ተማሪው ግን ዲፕሎማውን ቢቀበልም፥ በአብዛኛው የጠበቃነት ፈቃድ የሚያገኘው ሌላ ፈተና ሲያልፍ ነው። ያን ፈተና ማለፍ የማይችለውን አስገብቶ ሙሉ ዋጋ ማስከፈል ቸርነት አይባልም። ማኅበሩ በ2019 ደንቡን አጥብቆ፥ ከተፈተኑት ተመራቂዎች ከመቶው 75 እጅ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲያልፉ ያዘዘው ስለዚህ ነው።

ወጪው ከባድ ነው። በብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የትምህርቱ ዋጋ ብቻ በዓመት ከ50 ሺህ ዶላር ይበልጣል። ከ2006 ጀምሮ መንግሥት ወጪውን በሙሉ ያበድር ነበር፤ በ2025 የወጣው ሕግ ግን ከጁላይ 1 ቀን 2026 ወዲህ ለሚገባ አዲስ ተበዳሪ በዓመት 50 ሺህ፥ በጠቅላላው 200 ሺህ ዶላር ወሰን አደረገለት። የጐደለውን ተማሪው ከባንክ ሲለምን፥ ባንኩ ብዙ ጊዜ ዋስ ይጠይቃል። ዋሱም አባት ወይም አጎት ነው።

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ባለዕዳና ባለገንዘብ በአንድ ሰንሰለት ይቈራኙ ነበር። የዛሬው ሰንሰለት አይታይም እንጂ አልቀረም። በአሜሪካ የከሰረ ነጋዴ ከብዙ ዕዳው በፍርድ ቤት ይፈታል፤ ከትምህርት ዕዳ ግን ከባድ ችግሩን ካላስረዳ በቀር አይፈታም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚገኘው ደመወዝ እንዴት ነው? በታላላቆቹ የጥብቅና ቤቶች ጀማሪው በዓመት 225 ሺህ ዶላር ያገኛል፤ ሌሎች እጅግ ብዙዎች ግን ከ60 እስከ 90 ሺህ ባለው ውስጥ ይጀምራሉ። በሁለቱ መካከል የሚገኘው ጥቂት ስለ ሆነ፥ «አማካይ ደመወዝ» ተብሎ የሚነገረው ቍጥር ያሳስታል። በሕዝብ አገልግሎት ለሚሠራ በ2007 የወጣው ሕግ 120 ወር ከከፈለ በኋላ የቀረውን የመንግሥት ዕዳ ይምርለታል፤ የባንኩን ዕዳ ግን አይነካውም።

ስለዚህ ወላጆች ፊርማቸውን ከማኖራቸው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ትምህርት ቤቶቹም ይህን ለሕዝብ እንዲገልጹ በደንብ ታዘዋል። አንደኛ፥ ከተመራቂዎቹ ስንቱ የጠበቃነቱን ፈተና አለፉ? ሁለተኛ፥ ከተመረቁ በ10ኛው ወር ስንቱ የጠበቃ ፈቃድ በሚያስፈልገው ሥራ ላይ ተገኙ? ሦስተኛ፥ ውጤትህ ዝቅ ካለ ይቀርብሃል ተብሎ የሚሰጠው የነጻ ትምህርት ዕርዳታ ከስንቱ ተማሪ ተወሰደ?

መልሱ መልካም ከሆነ ልጁ በደስታ ይሂድ። ስሙ ብዙ ያልገነነ ትምህርት ቤት ያለ ዕዳ የሚያስተምረው ቢሆን፥ በታላቅ ዕዳ ከሚገኝ ታላቅ ስም ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። ነጥቡ ያነሰ እንደ ሆነም አንድ ዓመት አጥንቶ እንደ ገና ይፈተን። ለልጁ የአንድ ዓመት መዘግየት ረጅም ይመስለዋል፤ ወላጆቹ ግን በዕዳ የሚያልፍ ዓመት ከዚያ ይልቅ እንደሚረዝም ሊያስረዱት ይገባል።